ከተረጨ በኋላ ማን ጠበቀ?

ቲማቲም ሲመርጥ እንብርቱ ዙሪያ የደረቀ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ያላየ ሸማች ጥቂት ነው። አንዱ በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ዘንቢሉ ውስጥ ይጨምረዋል። ሌላዋ «ኬሚካል ነው» ብላ ወደሚቀጥለው መደብ ታልፋለች። ሻጯ ደግሞ «ሲታጠብ ይለቃል፣ የኔ እናት» ትላታለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነት አላቸው። ለፈንገስ በሽታ የሚረጨው ማንኮዜብ ከላይ ተለጥፎ የሚቀር ነው፤ ያ ነጣ ያለ ሽፋን እሱ ከሆነ በደንብ ሲታጠብ አብዛኛው ይለቃል።

ከባዱ ዓይን የማያየው ነው። አንዳንዱ ፀረ-ተባይ በቅጠልና በሥር ገብቶ ከተክሉ ፈሳሽ ጋር ይዘዋወራል፣ ፍሬው ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቧንቧ ሥር ቢያሹት አይወጣም። የዚህ ዓይነቱ አትክልት ደኅንነት የሚወሰነው ገና ማሳ ላይ እያለ፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ባሉት ቀናት ነው። ገበሬው ጠበቀ? መጠበቁንስ ማን አረጋገጠ? በየአገሩ ስለ ቅሪት የተሠራው ጥናትና የወጣው ሕግ፣ ጉዳዩን ከየትም አቅጣጫ ቢጀምረው፣ መጨረሻው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ገደቡ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ስለ ቅሪት ሲወራ ሁለት የተለያዩ ገደቦች ይነሳሉ። አንደኛው የጤና ገደብ ነው፦ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት አያደርስበትም ተብሎ የሚገመተው መጠን። ይህን ለማውጣት በእንስሳት ተሞክሮ ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን ይወሰድና አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ይካፈላል። አንዱ 10 ሰው ከእንስሳው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል በሚል ነው፤ ሌላው 10 ደግሞ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ከጤነኛው ጎልማሳ ይለያሉ በሚል ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ሰብል ላይ እንዲገኝ የሚፈቀደው ከፍተኛ የቅሪት መጠን ነው፤ ይህኛው የሚወጣው ከማሳ ሙከራ ነው። ገበሬው በመመሪያው ልክ ረጭቶ የተባለውን ቀን ቢጠብቅ ፍሬው ላይ ምን ያህል ይቀራል? ከዚያ በላይ ከተገኘ ወይ መጠኑ በዝቷል፣ ወይ ቶሎ ተለቅሟል፣ ወይ ለዚያ ሰብል ያልተፈቀደ ነገር ተረጭቷል። ስለዚህ ገደቡን ያለፈ ቲማቲም የበላ ሰው ተመረዘ ማለት አይደለም። ቲማቲሙ የመጣበት ማሳ ግን ሥርዓት ጎድሎታል።

ይህን ሁለተኛውን ገደብ በዓለም ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋሙት ነው። አውሮፓ የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ለአንድ ሰብል የተለየ ገደብ ካልተቀመጠ በኪሎ ከ0.01 ሚሊ ግራም ማለፍ አይፈቅድም። ይህም በ100 ቶን ቲማቲም ውስጥ አንድ ግራም እንደማለት ነው።

ታዲያ ሲለካ ምን ይገኛል? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ከገበያ ናሙና እየሰበሰበ ያስመረምራል። ናሙናው ቤት ውስጥ እንደምናደርገው ይታጠባል፣ የሚላጠው ይላጣል፣ ከዚያ ይለካል። በየዓመቱ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ናሙና ከገደቡ በታች ይሆናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በቅርብ ዓመታት ከገደቡ ያላለፈው 96 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ የአውሮፓ አትክልት የባሰ መሆኑን አያሳይም፤ ገደቡ ይጠብቃል፣ ተቆጣጣሪዎቹም ቀድሞ የተጠረጠረውን ምርት መርጠው ይመረምራሉ።

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት የሚያወጣውን የአሥራ ሁለቱን «ቆሻሻዎች» ዝርዝር ሳያውቁት አይቀሩም። እንጆሪና ስፒናች ብዙ ጊዜ ከላይ ይቀመጣሉ፤ አቮካዶ፣ አናናስና ሽንኩርት «ንጹሖቹ» ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ የሚሠራው ከዚያው ከመንግሥት ምርመራ ውጤት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የመርዝ ተመራማሪ የነበሩት ካርል ዊንተር ከባልደረባቸው ጋር በ2011 ይህን ዝርዝር ፈትሸው፣ በዝርዝሩ ካሉት ምርቶች ወደ ሰው የሚገባው መጠን ከጤና ገደቡ እጅግ ያነሰ መሆኑንና ዝርዝሩ የሚወጣበት ዘዴ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሚጎድለው ጽፈዋል። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ስንት ዓይነት ኬሚካል እንደተገኘ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ መለካት ሌላ። እናት ዝርዝሩን አይታ ለልጇ እንጆሪ መግዛት ብትተው፣ ልጁ የሚያጣው እርግጠኛ ጥቅም ነው።

ይህ ሲባል ግን «ከገደቡ በታች ነው» የሚለው መልስ ክርክሩን ሁሉ ዘግቶታል ማለት አይደለም። በ1993 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስለ ሕፃናት አመጋገብ ባወጣው ሪፖርት፣ ገደቦቹ ልጆችን በበቂ ሁኔታ ከግምት እንዳላስገቡ አሳየ። ልጅ ከክብደቱ አንጻር የሚበላው ይበዛል፣ አንጎሉም ገና እየተሠራ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ለልጆች ተጨማሪ የአሥር እጥፍ መጠባበቂያ እንዲደረግ አዘዘ። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሲያትል አካባቢ 23 ተማሪ ልጆችን ለአምስት ቀን ኦርጋኒክ ምግብ ብቻ አብልቶ ሽንታቸውን መረመረ። የማላቲዮንና የክሎርፒሪፎስ ፀረ-ተባዮች ምልክት ወዲያው ጠፋ፤ ወደ ወትሮው ምግባቸው ሲመለሱ ምልክቱም ተመለሰ። ጥናቱ ልጆቹ ታመዋል አላለም። ኬሚካሉ በምግብ በኩል እንደሚገባና ሲተዉት በፍጥነት እንደሚወጣ ግን አረጋገጠ።

ክሎርፒሪፎስን ማየት ይጠቅማል፤ በአንዳንድ ገበያ ዱርስባን በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ለአሥርት ዓመታት «በገደቡ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም» ሲባልለት ኖሯል። በኋላ በማኅፀን ሳሉ የተጋለጡ ልጆችን የተከታተሉ ጥናቶች ከአንጎል ዕድገት ጋር አያያዙት፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ ቀረ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2021 ለምግብ ሰብል ከለከለው፣ በ2023 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረ። በ2025 ደግሞ አደገኛ ኬሚካሎችን የሚያግደው የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ለተወሰኑ አገልግሎቶች ጊዜ ሰጥተው እንዲወገድ ወሰኑ። የዛሬው ገደብ የዛሬ ዕውቀት ልክ ነው፤ ዕውቀቱ ሲሰፋ ገደቡ ይጠብባል። በአንድ ፍሬ ላይ ብዙ ዓይነት ኬሚካል በትንሽ በትንሹ ሲገናኝ ምን ያደርጋል የሚለውም ገና በቂ መልስ አላገኘም። አውሮፓ ይህን በድምር ማስላት የጀመረው በቅርቡ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች የወጡት በ2020 ነው።

አሁን ወደ አገራችን። «የእኛ ገበሬ ምን ኬሚካል ያውቃል፣ ሁሉም ኦርጋኒክ ነው» የሚል አነጋገር አለ። ለአንዳንድ የጓሮ ጎመን ይሠራ ይሆናል፤ ለመስኖ አትክልት ግን ፈጽሞ አይሠራም። በመቂ፣ በባቱና በቆቃ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ከፀረ-ተባይ ጋር የሚውል የሚያድር ነው። ከዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ቱታ አብሶሉታ የተባለችው ከደቡብ አሜሪካ የተነሳች የእሳት እራት ገባች። ትሏ ቅጠሉንና ፍሬውን ሰርስራ ውስጡ ስለምትደበቅ ርጭቱ አይደርስባትም፤ በፍጥነት ትራባለች፣ መድኃኒቱንም ቶሎ ትለምዳለች። ማሳው ሲመታ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ገበሬው በሳምንት አንድ ጊዜ ይረጭ የነበረውን ሁለት ጊዜ ቢያደርገው የሚያስገርም አይደለም።

ርጭቱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ወጣት የጀርባ መርጫ አዝሎ በቦዩ መሐል ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ጓንትም የአፍ መሸፈኛም የለውም፣ አንዳንዴ በባዶ እግሩ ነው። መለኪያው የጠርሙሱ ክዳን ነው፦ «ሁለት ክዳን ለአንድ መርጫ»። ተባዩ ካስቸገረ ሦስት ይሆናል። አንዱን ለትል፣ አንዱን ለዋግ፣ ሌላውን ለቅጠል ማለምለሚያ ብሎ ባንድ ላይ መቀላቀልም የተለመደ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው። ምክር የሚሰጠው ባለሱቁ ነው፣ እሱም ሻጭ ነው። በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ አትክልት አምራቾች ላይ የተሠራው ጥናትም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና 601 ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን የጠየቀው ሌላ ጥናትም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ሥልጠና አነስተኛ ነው፣ መከላከያ ልብስ የለም፣ ባዶ ጠርሙሱ ሜዳ ላይ ይጣላል ወይም ለሌላ ዕቃ ይውላል።

ችግሩ የሚከርረው ለቀማው ላይ ነው። እያንዳንዱ ፀረ-ተባይ ከተረጨ በኋላ መጠበቅ ያለበት ቀን አለው፤ እንደ ዓይነቱ ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ስለሚያልቅ ለዚህ ይመቻል፣ ልጣጩም ይጣላል። ቲማቲም ግን በአንድ ቀን አይቀላም። ለሳምንታት፣ በየጥቂት ቀኑ የደረሰ የደረሰው ይለቀማል፤ ያልደረሰው ደግሞ በተባይ እንዳይበላ እዚያው ላይ ይረጫል። ሰባት ቀን ጠብቅ የሚል መድኃኒት በየሦስት ቀኑ በሚለቀም ማሳ ላይ ሲረጭ ውጤቱን ማንም ያሰላዋል። ቃሪያም እንደዚያው ነው። ከዚያ ላይ ደላላው «ዛሬ ማታ መኪና ይገባል፣ ዋጋው ወጥቷል» ብሎ ይደውላል። ነገ ዋጋው ሊወድቅ ይችላል፣ ቲማቲም ደግሞ አይቀመጥም። ትናንት የረጨው ገበሬ ዛሬ ቢለቅም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። መጠበቁ ኪሳራ ሆኖበታል፣ ባይጠብቅ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

ሕግስ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ1982 ዓ.ም. ልዩ ድንጋጌ ወጥቶ ነበር፤ እሱን የተካው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና እንዳይረጭ ይከለክላል። ምዝገባው ይሠራል። የሚጎድለው ከሱቁ በኋላ ያለው ነው፦ ማሳው፣ የጭነት መኪናው፣ አትክልት ተራው፣ ጉሊቱ። ወደ ውጭ የሚላከውን ገዢው አገር ይመረምረዋል። እዚሁ የሚበላውን በየጊዜው መርምሮ ውጤቱን ሸማቹ እጅ የሚያደርስ ዓመታዊ ሪፖርት ግን የለንም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የቡናው ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘች። ጃፓን ዋነኛ ገዢያችን ነበረች፤ ግዢው ወዲያው ተደናቀፈ፣ ነጋዴው ተጨነቀ፣ መንግሥት መርማሪ አሰማራ። ከዚያ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው ቡናው በተሞላበት በተበከለ ጆንያ ላይ ነበር፤ ማሳው አልነበረም። ያን ያህል ርብርብ የተደረገው ቶኪዮ ውስጥ የሚጠጣን ቡና ሰው ስለመረመረው ነው። በዚያው ዓይነት ጆንያ አገር ቤት የገባው እህልና በርበሬ ግን መርማሪ አልነበረውም።

በአገር ውስጥ ምግብ ላይ የምናውቀው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጣ ነው። በጅማ ዞን በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በበርበሬና በቡና ላይ የተሠራው ጥናት ዲዲቲ፣ ኢንዶሰልፋን፣ ሳይፐርሜትሪንና ፐርሜትሪን አግኝቷል። ከጅማና በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች በተወሰደ የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ውስጥም ዲዲቲ ተገኝቷል። በጫት ላይም ተገኝቷል፣ ጫት ደግሞ እንደተቀጠፈ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ነው። ዲዲቲ በስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ የተከለከለ ነው፤ የተፈቀደው ለወባ ትንኝ መከላከያ በቤት ግድግዳ ላይ እንዲረጭ ብቻ ነበር። አገራችን ለወባ ዘመቻ በብዛት ስትጠቀምበት ቆይታ፣ ትንኟ ስለለመደችው በሌላ ተክታዋለች። ለግድግዳ የመጣው ወደ ማሳ መሾለኩን እነዚህ ግኝቶች በጥብቅ ያጠራጥራሉ። ዲዲቲ በአፈርና በስብ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይም ገና ብዙ ጊዜ ስናገኘው እንኖራለን።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ለቡና ጠጪው ደስ የሚል ዜና አለ። እነዚያው ተመራማሪዎች የቤት ቡና አፈላልን ደረጃ በደረጃ ተከታትለው በለኩት፣ ጥሬውን ማጠብ ከ15 እስከ 58 በመቶ ገደማ ቅሪቱን ሲቀንስ፣ መቁላቱ እስከ 99.8 በመቶ አወረደው። በጀበናው ደረጃ ላይ ከለኳቸው 12 ኬሚካሎች አንዱም አልታየም። ለአትክልት እንዲህ ያለ ምቾት የለም፣ ግን ማጠብ ይሠራል። በአሜሪካ የኮነቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ በቧንቧ ውኃ ብቻ ማለቅለቅ ከ12 ፀረ-ተባዮች የዘጠኙን ቅሪት ቀንሷል፤ ለአትክልት ማጠቢያ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች ከውኃው አልበለጡም። በማሳቹሴትስ በፖም ላይ የተሞከረው ሶዳ ይሻላል፦ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ሶዳ ሟሙቶ ለ12 እና ለ15 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ ሁለት ኬሚካሎችን ከልጣጩ ላይ አወረደ። የሞካሪዎቹ ሌላ ግኝት ግን ልብ ሊባል ይገባል፦ ከአንደኛው ኬሚካል 20 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሬው ገብቶ ነበር። የገባውን ሶዳ አያወጣውም። የጥቅል ጎመን የላይኞቹን ቅጠሎች መጣል፣ ካሮትና ድንች መላጥ፣ ቆስጣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ሁሉም ይረዳል። በዱቄት ሳሙና ማጠብ ግን አይገባም፣ አትክልቱ ሳሙናውን ይመጠዋልና። ማጠብ በሌላም በኩል ግድ ነው፤ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ፍሳሽ ከለማ ሰላጣ የሚመጣው ታይፎይድና የሆድ ትል ከኬሚካሉ ይልቅ ቶሎ ያገኘናል።

አትክልት መቀነስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ መፍትሔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ይመክራል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከዚያ በጣም በታች ነው የሚበላው። በተቃራኒው በጾም ወራት ቲማቲም ፍትፍትና ጥሬ ቃሪያ በየቀኑ የሚበላ ቤተሰብ ብዙ ነው። የዓለም ድርጅቶች አገሮችን በአመጋገብ በ17 ምድብ ከፍለው የሚሠሩት ስሌት ይህን የጾም አመጋገብ በልኩ ይዞታል ብዬ አላምንም። የራሳችንን መለካት ያለብን ለዚህም ጭምር ነው።

ከሸማቹ በፊት ደግሞ የሚረጨው ሰው አለ። እኛ የምንከራከርበት በሚሊ ግራም ክፍልፋይ ነው፤ እሱ ጀርባው ላይ የሚንጠባጠበው መርዙ ራሱ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው ሳያስበው በፀረ-ተባይ ይመረዛል፣ የሚሞትም አለ። አብዛኛው ገበሬና የእርሻ ሠራተኛ ነው። ስለ ቅሪት ስንጽፍ እሱን ረስተን ስለ ሰላጣችን ብቻ ከተጨነቅን ፍርዳችን ጎደሎ ነው።

መለወጥ ይቻላል ወይ ለሚል፣ የስፔኗ አልሜሪያ ምስክር ናት። በ2006 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ግሪንፒስ በአልሜሪያ ቃሪያ ላይ ያልተፈቀደ ኬሚካል ማግኘቱን አሳወቀ፤ የጀርመን ሱፐርማርኬቶች ፊታቸውን አዞሩ። አምራቾቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የቃሪያ ዳሳቸውን ተባይ በሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ወደሚጠበቅ አሠራር ለወጡት። የለወጣቸው የገዢው ምርመራ ነው፤ አማራጩ ዘዴ ዝግጁ ባይሆን ኖሮ ግን ምርመራው ብቻውን ያከስራቸው ነበር። በኬንያ የታየው ይኸው ነው፦ በ2013 አውሮፓ ከኬንያ የሚገባውን የፎሶሊያና የአተር ጭነት ከ10 አንዱን መመርመር ሲጀምር ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ከገበያው ወጡ። በእኛም አገር በአርባ ምንጭ አካባቢ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከጥጥ ገበሬዎች ጋር የሠራው ሥራ አለ፤ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ በማሳው ላይ እየረጩ ኬሚካሉን ቀንሰዋል። ለቱታም በጠረን የሚስብ ወጥመድ፣ የተበላውን ፍሬ ሰብስቦ መቅበር፣ ቲማቲምን ከሌላ ሰብል ጋር ማፈራረቅ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ወጥመዱ ግን እንደ ጠርሙሱ በየሱቁ አይገኝም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ያድርጉ፦ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ገበያዎች በየሦስት ወሩ የቲማቲም፣ የቃሪያ፣ የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ናሙና ወስደው ያስመርምሩ፤ ውጤቱንም መልካምም ይሁን መጥፎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ያሳትሙ። ከወራት ክርክር ይልቅ የአንድ ሩብ ዓመት ውጤት ይበልጥ ያስተምረናል። በጠርሙሱ ላይ የሚጠበቀው ቀን በትልቁ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። እናንተም የምትሸምቱት፣ በተለይ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል በብዛት የምትገዙ፣ አቅራቢያችሁን መጨረሻ የተረጨው መቼ ነው፣ የተለቀመውስ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ካጣም ሌላ አቅራቢ ፈልጉ።